ከረግረግ ሳይወጣ የሚቀረው ሜቴን

ስለ ረግረግና ምድርን ስለሚያሞቀው ጋዝ ስለ ሜቴን ሲጻፍ ዘወትር የሚነሣው ወደ አየር የወጣው ጋዝ ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ሳይወጣ የሚቀረው ነው። ፒት የሚባለው አፈር ውኃ በተኛበት መሬት ላይ በቅጡ ያልበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት ለሺህ ዓመታት እየተደራረበ የሚሠራው ሲሆን፣ ከዓለም የብስ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሸፍንም በውስጡ ያመቀው ካርቦን በደኖች ዕፅዋት ውስጥ ካለው ይበልጣል። ኦክስጅን በማይደርስበት የታችኛው ክፍል የሚኖሩ አርኪያ የተባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ከብስባሹ የሚገኘውን ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲቴት (ከኮምጣጤ አሲድ የሚገኝ ውህድ) ተጠቅመው ሜቴን ያመርታሉ።

ጋዙ ወደ ላይ ሲጓዝ፣ ከታች የሚመጣው ሜቴንና ከላይ የሚወርደው ኦክስጅን በሚገናኙበት፣ የውኃው የላይኛው ገጽ አካባቢ ባለ ስስ ንብርብር ውስጥ፣ ኃይላቸውንም የአካላቸውንም ካርቦን ከሜቴን የሚያገኙ ባክቴሪያዎች ይቀበሉታል። ሥራው ቀላል አይደለም፤ የሜቴን ሞለኪውል በቀላሉ የማይነካ ጽኑ ነው። ባክቴሪያዎቹ መዳብ ወይም ብረት ባለው ኢንዛይም አንድ የኦክስጅን አቶም አስገብተው ሜታኖል ያደርጉታል፤ ሜታኖሉ ፎርማልዲሃይድ ከሆነ በኋላ ከፊሉ አካላቸውን ሲገነባ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። እርሱም ቢሆን ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ነው፤ ነገር ግን በ100 ዓመት ስሌት የሜቴን የማሞቅ ኃይል በክብደት ከእርሱ 28 እጥፍ ያህል ስለሆነ ልውውጡ አትራፊ ነው።

በአሲዳማ ረግረግ የሚኖሩትን እነዚህን ባክቴሪያዎች በቤተ ሙከራ ማሳደግ ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ነበር፤ የተለመደው ማሳደጊያ ለእነርሱ ጨው የበዛበት ነበርና። የረቂቅ ተሕዋስያን ተመራማሪዋ ስቬትላና ዴዲሽና ባልደረቦቿ አሲዳማና ጨው ያነሰበት ማሳደጊያ ተጠቅመው ያገኙትን ሜቲሎሴላ ፓሉስትሪስ የተባለ ባክቴሪያ በ2000 እ.ኤ.አ. አስተዋወቁ። የዚህ ወገን ባክቴሪያዎች ከሜቴን ሌላ አሲቴትም መመገብ እንደሚችሉ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲታወቅ፣ ሜቴን በሊዎች ሌላ ምግብ አይነኩም የሚለው የቆየ አስተሳሰብ ተናጋ።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ስፋግነም ሞስ ከተባለው አበባ የለሽ ትንሽ የረግረግ ተክል ጋር ያላቸው ኑሮ ነው። ባክቴሪያዎቹ በሞሱ ባዶ የሞቱ ሴሎች ውስጥ ሰፍረው ሜቴን ሲመገቡ፣ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞሱ ለራሱ ምግብ መሥሪያ ያውለዋል።

ሁሉም ሜቴን ግን በእጃቸው አይገባም፤ በአረፋ መልክ ፈጥኖ የሚወጣውና በቄጠማ መሰል ተክሎች ግንድ ውስጥ ባለው የአየር መተላለፊያ የሚያልፈው ያመልጣቸዋል። ረግረጉን ማድረቅ የሜቴኑን መጠን ይቀንሳል፤ ሆኖም ፒቱ ራሱ አየር ሲያገኝ እየበሰበሰ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ መፍትሔ ነው ለማለት አልደፍርም። ውኃውን ከአፈሩ ገጽ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ አድርጎ ማቆየት ፒቱን ከመበስበስ እየጠበቀ ለባክቴሪያዎቹ አየር ያለው ንብርብር ይተውላቸዋል። መሬቱ ሙሉ በሙሉ ከተጥለቀለቀ ያ ንብርብር ይጠፋል፤ በውኃ ውስጥ የተዘፈቀ ስፋግነም ካለ ግን በብርሃን ጊዜ የሚያወጣው ኦክስጅን በውስጡ ላሉት ባክቴሪያዎች ይተርፋቸዋል።