እርቁ ለማን ደላው? የሕግ አንትሮፖሎጂ ንባቤ እስካሁን

የሕግ አንትሮፖሎጂ፣ ማለትም ደንብና ዳኝነት በሰው ኑሮ ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያጠናውን ዘርፍ፣ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ሽምግልና ላይ ስገኝ ዓይኔ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ድሮ የምጠብቀው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለመስማት ነበር። አሁን ማን መጀመሪያ እንደተናገረ፣ ማን "ቆይ አንቺ፣ ትልልቆቹ ይጨርሱ" እንደተባለች፣ ማን ከጓዳ ቡና ሲያመላልስ እንደዋለ አያለሁ። ቤት ስገባ ደብተሬ ላይ አሰፍረዋለሁ። እዚህ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ፣ እየተገናኘን የምናነብ ጥቂት ጓደኛሞች አለን። እስካሁን የገባኝን፣ ያልተስማማንበትንም ጭምር፣ ላካፍላችሁ።

ለጀማሪ ከባዱ ነገር ሕግን ከአንቀጽ ማላቀቅ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3347 ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን ልማዶች ሽሯል። አርቃቂው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ስንት ዘመን የኖረ ልማድ በአንድ ቁጥር! የድንበር ጠብ ሲነሳ ግን ዛሬም ከጠበቃ በፊት ሽማግሌ ነው የሚጠራው። አንትሮፖሎጂስቷ ሳሊ ፋልክ ሙር ይህንኑ ነገር ኪሊማንጃሮ ተራራ ላይ በሚኖሩት ቻጋዎች ዘንድ አይታዋለች። ታንዛኒያ መሬት የሕዝብ ነው ብላ አወጀች። የትኛውን ማሳ ማን ይይዛል የሚለውን ግን ዘመድና ጎረቤት መወሰናቸውን ቀጠሉ። አዲስ ሕግ ባዶ ሜዳ ላይ አያርፍም ነው ነገሩ፤ የራሱ ደንብና የራሱ ማስገደጃ ያለው ሰፈር ውስጥ ይገባል። ዕድር ያለው ሰው ይሄን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ቀጥሎ አንትሮፖሎጂስቱን አለን ሆበንን አነበብን። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ውስጥ፣ ደጋ ዳሞት፣ ርስትን አጥንቷል። በእናትም ይሁን በአባት መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት የተወለደ ሁሉ ድርሻዬን ማለት ይችል ነበር። ደንቡ ለተወላጅ ሁሉ እኩል ነበር። ማሳው የሚሰፋለት ግን ሹመት ያለው፣ አንደበቱ የተባ፣ ዘመድ የበዛለት ነበር። እኔ ደግሞ ጎንደሬ ነኝና ሌላ ነገር ከነከነኝ፤ ከመጀመሪያውም ሙግቱ ውስጥ መግባት ያልቻለውስ? እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ጊዜ የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። አዲስ ዓለም የሙስሊሙ ሰፈር ነበር። ቤተ እስራኤሎቹ አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ግንበኛ ነበሩ። አብዛኞቹ ግን ርስት አልነበራቸውም። ርስት የሌለው ሰው በርስት ክርክር አይሸነፍም፤ የሚሸነፍበትን ክርክር እንኳ አላገኘም።

ብዙ ያከራከረችን ግን አንትሮፖሎጂስቷ ላውራ ናደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1957 ሜክሲኮ፣ ኦሃካ ውስጥ፣ ታሌያ በምትባል የዛፖቴክ (የአካባቢው ነባር ሕዝብ) መንደር ጥናት ጀመረች። የመንደሩ ሰው "ከጥሩ ጠብ መጥፎ ስምምነት ይሻላል" ይላል። የእኛ ሰፈር ሽማግሌ ያለው ነው የሚመስለው። ናደር ይህ የስምምነት ፍቅር ከስፔን ቅኝ ገዢዎችና ከሚሲዮናውያን ጋር የመጣ ነው ትላለች። መንደርተኞቹ ግን ለራሳቸው አዋሉት። "እኛ ተስማምተናል፣ ጠብ የለንም" እያሉ መንግሥትን ከደጃፋቸው መለሱበት። በሀገሯ በአሜሪካ ያየችው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጥቁሮች፣ ሴቶችና ድሆች መብታቸውን በፍርድ ቤት መጠየቅ ጀመሩ። በ1970ዎቹ ደግሞ "ክርክር በዛ፣ ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ" የሚለው ዘመቻ መጣ። የስምምነት ጥሪው ለማን እንደተላለፈ ልብ በሉ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የታዘብኩትን አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። ሰዎቹ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። አንዲት የቤት ሠራተኛ የወራት ደመወዝ ቀርቶባታል። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ስለሷ የተናገረው ያስቀጠራት ደላላ ነው። እሷ አንዴ አፏን ከፈተች፤ "ስለ ማርያም ብለሽ ተይ" ተባለች። ግማሹን ተቀብላ ይቅር ለእግዜር አለች። ሁሉም መረቀ።

መምህር የሆነ ጓደኛችን ሽማግሌዎቹን ደገፈ። የጽሑፍ ውል የላትም፣ ምስክር የላትም፤ ፍርድ ቤት ስትመላለስ ማን ያበላታል? ዛሬ የተገኘ ግማሽ ይሻላል አለ። ሐቅ አለው። እኔን የቆጠቆጠኝ ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ አሠሪዋን "አንቺስ ምን ትተያለሽ?" ብለው አልጠየቁም። በራሷ ገንዘብ ይቅርታ አድራጊዋ ሠራተኛዋ ብቻ ሆነች። በእኔ ደብተር ይህ እርቅ ሳይሆን ቅናሽ ነው።

ሽምግልናን አጥላላህ እንዳትሉኝ። በገጠሩ ደም ማድረቅን፣ የገዳይና የሟች ወገን የሚታረቁበትን ሥርዓት፣ ተመልከቱ። ገዳዩ ተፈርዶበት እስሩን ቢጨርስም ደሙ ካልደረቀ የሟች ወገን ይበቀላል። የሟች ወንድም ወህኒ ቤት መግባትን እንደ ካሳ አይቆጥረውም። በቀሉን የሚያስቆሙት መስቀል የያዙ ካህናትና ሽማግሌዎች ናቸው። መንግሥት የማይደርስበትን ቦታ ይደርሱበታል። እዚህ ላይ ታሌያና ጎንደር ይመሳሰላሉ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባሕል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ። ሁሉ ነገር "ከፈቀዱ" ላይ ተንጠልጥሏል። ባሏ የሚደበድባት ሴት የነፍስ አባቷ፣ የዕድሩ ዳኛና አማቿ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው "እሺ በይ" ሲሏት፣ እሺታዋን ፈቃድ እንበለው? ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራከርንበት፤ አልተስማማንም። ከመካከላችን ያለችው ነርስ ጥያቄውን ቀይሩት አለችን፦ እምቢ ብትል ነገ ማን ቤት ታድራለች? ከዚያ ወዲህ እምቢ ማለት ምን ያስከፍላል የምትል መስመር ደብተሬ ላይ ጨምሬያለሁ። ከሁሉም የጠቀመችኝ እሷ መስመር ናት።

አሁን የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ ላይ ነን። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ውርስ በቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይመዘገብ ነበር። እዚያ መዝገብ ውስጥ ሴቶች ባለርስት፣ ሻጭ፣ ተሟጋች ሆነው ይገኛሉ። "ሴት ድሮ ንብረት አልነበራትም" ለሚለን ሁሉ መልስ አገኘን። በእርግጥ አብዛኞቹ የባላባት ልጆች ናቸው። ድሃዋን ፍለጋ ሌላ መዝገብ ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የዕድር መተዳደሪያ ደንቦችን ጎን ለጎን ማንበብ እፈልጋለሁ። በተለይ የቅጣት አንቀጹን፦ ቀብር ለቀረ፣ መዋጮ ላዘገየ፣ ከዳኛ ጋር ለተጣላ። የሰፈራችሁ ደንብ እጃችሁ ላይ ካለ የዕድሩን ስም ሸፍናችሁ ፎቶውን ላኩልኝ። ከዳኛ ጋር የተጣላ ከቀረ ሰው የበለጠ ከተቀጣ ደግሞ እሱን አስቀድሙልኝ።