ቦዩን የሚዞሩት ሰውዬ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ማታ ማታ መጻፍ ለምዶብኛል። ክረምት ላይ አንድ አጭር ልብወለድ ጀመርኩ። ባለታሪኩ በ1991 ዓ.ም. ባድመ ላይ የተዋጋ፣ አሁን ከተማው ዳር የሚኖር ሰው ነው። እኔ ጦርነት ያየሁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ ዘጠኝ ገጽ ወጣው። ስድስቱ ጩኸት ነበር። ጦርነት አእምሮ ላይ ስለሚተወው ሕመም (በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ PTSD) ቀድሜ አንብቤያለሁ። ከቬትናም ጦርነት በኋላ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ራሱን የቻለ ስም ሰጥተው መመሪያቸው ውስጥ አስገቡት። ቅዠት፣ መባነን፣ ቶሎ መቆጣት፣ ያን ጊዜ ከሚያስታውስ ነገር መሸሽ ከምልክቶቹ መካከል ናቸው። እኔ ታዲያ ሁሉንም እንደ አስቤዛ አንድ ሰው ላይ ጫንኩት። ሰኞ ይቃዣል፣ ማክሰኞ ይባንናል፣ ረቡዕ ሚስቱ ላይ ይጮኻል። የድንጋይ ካባው ላይ ድማሚት ሲፈነዳ ደግሞ በደረቱ መሬት ላይ ይወድቃል። በዚህችኛዋማ ኮርቼባት ነበር።

የብሎካችን ጥበቃ በዚያ ጦርነት የነበሩ ናቸው። አንድ ምሽት ሻይ ይዤ ወረድኩና "ጋሼ፣ ላንብብልዎት?" አልኳቸው። ድማሚቱ ጋ ስደርስ ሳቁ።

"ድማሚቱማ ሰዓቱ ይታወቃል። እኔ ምሳዬን የምበላው እሱን ሰምቼ ነው።"

ስድስቱን ገጽ ቀደድኩ። ከዚያ በኋላ ከማንበብ ይልቅ ማየት ጀመርኩ። ለውሃ መስመር ተብሎ ከብሎኩ ፊት የተቆፈረ፣ ደረት የሚደርስ ቦይ አለ። ሰፈርተኛው ጣውላ ጥሎ ይሻገራል። እሳቸው ግን በአስፋልቱ ይዞራሉ፤ አሥር ደቂቃ ይጨምርባቸዋል። ዝናብ እየወረደባቸው ሲዞሩ ሳይቀር አይቻለሁ። መጀመሪያ እንዳያንሸራትታቸው ፈርተው መስሎኝ ነበር።

ይህችን ጻፍኳት። እጄ ግን አላርፍ አለ። ለምን እንደሚዞር አንባቢው እንዳይስተው ብዬ፣ ምሽግ ውስጥ የሞተ ጓደኛ ፈጠርኩለት። ኑዛዜ ሁሉ አናገርኩት። ወርጄ አነበብኩላቸው። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ዝም አሉ።

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

"እንደሱ አይደለም።"

እንዴት እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ይልቅ ያፈርኩት በሌላ ነው። የሰውየውን መንገድ ሳላስፈቅድ ወስጃለሁ። "ላውጣው?" አልኳቸው።

"መዞሩን ተወው። ሌላውን አጥፋው።"

አጠፋሁት። የቀረው ችግር ተራኪው ነበር። "እኔ" እያለ የሚተርከው ወታደሩ ስለሆነ፣ ውስጡን ሁሉ አውቃለሁ ማለቴ ነው። ለዚህ የረዳኝ የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ነው። እዚያ የናቅፋን ጦርነት የሚተርክልን ጋዜጠኛው ፀጋዬ እንጂ ተዋጊ አይደለም። እኔም ትረካውን ከሦስተኛ ፎቅ ለምታይ ጎረቤት ሰጠሁ። እሷ የምታውቀው የምታየውን ብቻ ነው። ታሪኩ አራት ገጽ ሆኖ አለቀ። ቅዠት የለበትም፤ ተኩስም የለበትም።

ባለፈው ሳምንት ቧንቧው ተቀብሮ ቦዩ ተደፈነ። አሁን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ትናንት ማታ ከበረንዳዬ ቁልቁል ሳይ፣ ጋሼ ዳቦ በፌስታል ይዘው በአስፋልቱ በኩል ይመጣሉ።