የእግር መንገዱና የመሬቱ ባለቤት ፈቃድ

በእንግሊዝ አገር፣ በሳፎክ አውራጃ ከምኖርበት መንደር ተነሥቶ በስንዴ ማሳዎች መካከል ወደ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን በሚያደርሰው የእግር መንገድ ማንም ሰው ሊሄድበት ይችላል። የእንግሊዝ ሕግ ለእግረኛ የሰጠው መብት ግን ማለፍና መመለስ ብቻ ነው፤ ከእግሩ በታች ያለው አፈር ባለቤት አለው። ሜታል ዲቴክተር (ከመሬት በታች ያለ ብረታ ብረት የሚጠቁም መሣሪያ) ይዤ የቆዩ ነገሮችን መፈለግ ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ልዩነት ደጋግሜ አስበዋለሁ፤ ዛሬ ማሳውን የሚያርሱት አዛውንት ገበሬ «እሺ» ስላሉኝ ሐሳቤን በጽሑፍ ላሰፍረው ወደድኩ።

አሮጌ መንገድ የሚስበኝ ብዙ ሰው የተመላለሰበት ስለሆነ ነው። ምእመናን፣ ገበያተኞችና የቀን ሠራተኞች ለዘመናት ባለፉበት መሬት የልብስ ቁልፍ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ ድቡልቡል የእርሳስ ጥይትና ሳንቲም ይገኛል፤ በተለይ ሰው አጥር በሚሻገርበትና በር በሚከፍትበት ቦታ። ከሁሉም ይልቅ ልቤን የሚነኩት የተቆረጡ ፔኒዎች፣ ማለትም የጥንት የእንግሊዝ የብር ሳንቲሞች ናቸው። ግማሽና ሩብ ፔኒ ክብ ሆነው በብዛት መመታት የጀመሩት በንጉሥ ኤድዋርድ አንደኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1279 አንሥቶ ነው (ከዚህ በታች ያሉት የእንግሊዝ ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ከዚያ በፊት ዝርዝር የሚያስፈልገው ሰው አንዱን ፔኒ ለሁለት ወይም ለአራት ይቆርጠው ነበር። ያቺን ሩብ የጣለ ሰው ምናልባት የዕለት እንጀራውን ነው የጣለው። በአገራችንም ሲራራ ነጋዴ በሚያልፍባቸው የበቅሎ መንገዶች ጠገራ ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሯልና፣ ይህ ሐዘን ለእኔ ባዕድ አይደለም።

ዛሬ የሚታየው መንገድ ሁልጊዜ የጥንቱ መንገድ አይደለም። የጋራ መሬት በአጥር ሲከለልና ማሳዎች ሲቀላቀሉ ብዙ መንገዶች ወደ ዳር ተገፍተዋል። በ1836 ከወጣው የአሥራት ሕግ በኋላ የተነሡትን የአጥቢያ ካርታዎችና ኦርድናንስ ሰርቬይ የተባለው የመንግሥት ካርታ ሥራ ድርጅት በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ያወጣቸውን ካርታዎች ከአሁኑ ጋር ሳስተያይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ቀድሞ አሁን በሚታረሰው ማሳ መሐል ለመሐል ያልፍ እንደነበር ተረዳሁ። ልፈልግ የምሻው እንግዲህ እግረኛ በማይደርስበት፣ ሙሉ በሙሉ የሰው በሆነ መሬት ላይ ነው። በመንገዱ ላይ ቢሆን ኖሮም ፈቃድ መጠየቅ አይቀርልኝም ነበር።

ገበሬውን በደብዳቤ ብቻ መጠየቅ አልወደድኩም። ትልቅ ነገር ሲጠየቅ ሽማግሌ ይዞ የመሄድ ልማዳችንን አስቤ፣ እሳቸውን ለረጅም ዘመን የሚያውቁ አንድ ጎረቤቴን አብረውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። ገበሬው በመጀመሪያ ፊታቸውን አልፈቱልኝም፤ ምክንያቱንም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ከዚህ ቀደም ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በሌሊት ገብተው ማሳቸውን ቆፋፍረው፣ ጉድጓዱን እንኳ ሳይደፍኑ ሄደዋል። የእኔን ፍላጎት ከእነዚያ ሰዎች ሥራ ለይተው እንዲያዩ የመጠበቅ መብት አልነበረኝም፤ ልዩነቱን ማሳየት የእኔ ግዴታ ነበር። ስለዚህ መቼ እንደምገባ (አጨዳ ካለቀ በኋላ፣ ዘር ሳይዘራ)፣ ማረሻ ከሚደርስበት በታች እንደማልቆፍር፣ ጉድጓዱን ወዲያው እንደምደፍን፣ የተገኘውንም ሁሉ እንደማሳያቸውና ዋጋ ያለው ነገር ቢገኝ እኩል እንደምንካፈል በጽሑፍ አቀረብኩላቸው። ማሳው በሕግ ከተጠበቁ ጥንታዊ ሥፍራዎች አንዱ አለመሆኑንም አስቀድሜ አረጋግጫለሁ፤ በእንዲህ ያለ ሥፍራ ያለ ልዩ ፈቃድ መሣሪያ መጠቀም በ1979ኙ ሕግ ወንጀል ነውና የባለመሬቱ እሺታ ብቻውን አይበቃም።

በዚሁ በሳፎክ፣ ሆክስን በተባለ መንደር፣ ኤሪክ ሎውስ በኅዳር 1992 የገበሬ ወዳጁን የጠፋ መዶሻ ሲፈልግ የሮማውያንን ወርቅና ብር አገኘ። ሁሉንም አውጥቶ ከመጨረስ ይልቅ ቁፋሮውን አቁሞ በማስታወቁ፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቀሪውን እንደተቀመጠ አገኙት፤ ከ14,000 በላይ ሳንቲሞች በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ፣ መዶሻውም አብሯቸው ነው። በ2015 በሄርፎርድሺር የቫይኪንግ ዘመን ሀብት ያገኙት ሁለት ሰዎች ግን ለባለመሬቱም ለመንግሥትም ሳያሳውቁ ሸጡት፤ በ2019 ተፈርዶባቸዋል። ከተረፉት ጥቂት ሳንቲሞች ዌሴክስና መርሲያ በተባሉት የያኔዎቹ የእንግሊዝ መንግሥታት የነገሡት፣ የዌሴክሱ አልፍሬድና የመርሲያው ንጉሥ፣ ተባብረው እንደነበር የሚያመለክት ማስረጃ ተገኝቷል። አብዛኛው ሳንቲም ግን አልተመለሰም። ከሌብነቱ በላይ የሚያንገበግበኝ ከእነዚያ ሳንቲሞች ጋር የጠፋው ታሪክ ነው።

በ1996ቱ የሀብት ሕግ መሠረት፣ ለምሳሌ ከ300 ዓመት በላይ የሆናቸው ሁለት የብር ሳንቲሞች በአንድ ላይ ቢገኙ፣ በ14 ቀናት ውስጥ ኮሮነር ለተባለው ባለሥልጣን መታወቅ አለባቸው። ከዚያ ውጭ የሆኑትን ማስመዝገብ ግዴታ ባይሆንም፣ እኔ ግን የተቆረጠች ሩብ ፔኒም ብትሆን የተገኘችበትን ነጥብ ለክልሉ የቅርስ መዝጋቢ ባለሙያ እሰጣለሁ። የኢትዮጵያ ሕግ ከዚህ የጠበቀ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ቅርስ ፍለጋ ያለ ፈቃድ የተከለከለ ሲሆን፣ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ማስታወቅ አለበት። አክሱም አካባቢ ገበሬ ሲያርስ የሚያገኘውን ጥንታዊ ሳንቲም ባሰብኩ ቁጥር ጥብቅነቱ ተገቢ ሆኖ ይታየኛል።

ገበሬው ማሳውን የሚያርሱት በኪራይ ስለሆነ የእሳቸው ፊርማ ብቻ አይበቃኝም፤ የባለመሬቱም ያስፈልገኛል። ውሉን፣ የማሳውን ካርታና የመድን ዋስትናዬን ቅጂ አያይዤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለባለመሬቱ በፖስታ ልኬላቸዋለሁ፤ መልሳቸው «አይሆንም» ከሆነም ከመንገዱ ሳልወጣ መሄዴን እቀጥላለሁ።