ከደብረ ብርሃን ወደ ቡዳፔስት፦ የመጀመሪያ ዓመቴ እንዴት አለፈ

ለክረምት እረፍት ደብረ ብርሃን መጥቻለሁ። ዘንድሮ የሃንጋሪ ስኮላርሺፕ ያገኛችሁ ልጆች ስታገኙኝ ጥያቄያችሁ አንድ ነው፤ "እንዴት ለመድሽው?" ትላላችሁ። መንገድ ላይ ቆሞ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩት።

ዋናውን ነገር አስቀድማለሁ። መስከረምን አታባክኑት። ሰው ተዋወቁ፣ ሰፈር ልመዱ፣ በየሳምንቱ የማይቀር ቀጠሮ ያዙ። ይህን ሁሉ ጨለማው ሳይመጣ አድርጉት።

ጨለማ ስል የእውነት ጨለማ ማለቴ ነው። እኛ የሰሜን ሸዋ ልጆች ብርድ አያስፈራንም። ያደግነው ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥን ውርጭ እናውቀዋለን። ግን የእኛ ብርድ የሌሊት ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ ጀርባችንን ታሞቀዋለች። ቡዳፔስት ላይ ግን ሰማዩ ለቀናት ደመና ለብሶ ይከርማል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ፣ ማለትም በእኛ ጥቅምት አጋማሽ፣ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ገደማ ነው። ከክፍል ስትወጡ መሽቷል። ከቤተሰብ ጋር ያላችሁ የአንድ ሰዓት ልዩነትም ሁለት ይሆናል። እኔ ከቤተ መጻሕፍት ወጥቼ ስደውል እናቴ እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል። በዚያ ወቅት አዲስ ጓደኛ ልፈልግ ብሎ መነሳት በጣም ይከብዳል። ቀድሞ የተያዘ ቀጠሮ ካለ ግን እግር ራሱ ይሄዳል።

እናቶቻችን ለሰንበቴ ሲወጡ "ልሂድ ወይስ ልቅር" ብለው አይማከሩም። የቀረች እንደሆነ "ምነው ቀረሽ?" ተብላ ትጠየቃለች። እኔም እንደዚያ ያለ ነገር ነበር የፈለግኩት። ቅዳሜ ጠዋት ሌሄል ቴር የሚባለው ገበያ እሄዳለሁ። ጎመንና ድንች የምገዛው ሁልጊዜ ከአንዲት ሴትዮ ነው። መጀመሪያ በጣት ነበር የምንግባባው። አሁን ዋጋውን በእነሱ ቋንቋ ትነግረኛለች፣ እኔም እሰማታለሁ። በሳምንቱ መሃል የሃንጋሪኛ ትምህርት አለኝ። እሁድ ከሰዓት ደግሞ ከኬንያ፣ ከቬትናምና ከአገራችን ልጆች ጋር ተራራ እንወጣለን። ሴል ካልማን ቴር ከሚባለው አደባባይ 21 ቁጥር አውቶቡስ ይዘን ተራራው ላይ ኖርማፋ የሚባል ቦታ እንወርዳለን፤ ከዚያ በእግር ነው። የከተማዋ ትልቁ ከፍታ 527 ሜትር ብቻ ነው። ለእኛ ሜዳ ነው! ግን ጫካ አለው፣ ነፋስ አለው። አገሬ ያለሁ ያህል የሚሰማኝ እዚያ ነው።

የወረቀቱን ነገር ባጭሩ ልበል። ቪዛው ያስገባችኋል እንጂ አያኖራችሁም። የመኖሪያ ፈቃዱን የምትወስዱበት 30 ቀን ነው ያላችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ እሱ ይሁን። ቀጥሎ የባንክ ሂሳብ ነው። የስኮላርሺፑ የኪስ ገንዘብ የሚገባው እዚያ ነውና፣ ሂሳቡ እስኪከፈት የሚያቆያችሁ ገንዘብ መያዝ ግድ ነው። ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ የሚሰጠው በወር 43,700 ፎሪንት (የሃንጋሪ ገንዘብ) ነው። ዶርም ላልያዘ 40,000 ፎሪንት የቤት ድጎማ ይጨመርለታል። ይህ ደግሞ ቡዳፔስት ውስጥ የአንድ ክፍል ኪራይ እንኳ አይሸፍንም። ዶርም ከተሰጣችሁ ሳታመነቱ ያዙ።

ስለ ስም ግን ቆም ብዬ ላስረዳ። ብዙ ልጅ የሚንገላታው እዚህ ላይ ነው። ሃንጋሪዎች የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ፓስፖርታችሁ ላይ መጨረሻ የተጻፈው የአያታችሁ ስም ከሆነ፣ ቢሮ ውስጥ የምትጠሩት በአያታችሁ ነው። ሲጠሩ ቶሎ ብድግ በሉ። ከዚያ በላይ የሚያሳስበው አጻጻፉ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፊደል፣ ባንኩ ጋ ያለው፣ ኔፕቱን የሚባለው የተማሪዎች ሲስተም ላይ ያለው አንድ መሆን አለበት። አንዲት ፊደል ከተለየች ያመላልሷችኋል።

ትራንስፖርቱ ደስ ይላል። የተማሪ ወርሃዊ ካርድ ስገዛ 945 ፎሪንት ነበር። ሜትሮውን፣ ትራሙን፣ አውቶቡሱን ሁሉ ያስኬዳል። ከኤርፖርት በቀጥታ መሃል ከተማ የሚያስገባው 100ኢ አውቶቡስ ግን የራሱ ትኬት አለው። በወርሃዊው ካርድ አይሞከርም። 200ኢ በተራው ትኬት ይሄዳል፤ ኮባንያ ኪሽፔሽት አውርዷችሁ ከዚያ በሦስተኛው የሜትሮ መስመር ትገባላችሁ። የመጀመሪያው የሜትሮ መስመር ደግሞ በ1896 በእነሱ አቆጣጠር የተከፈተ ነው። ይህም የአድዋ ድል ዓመት መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። አንድ ቀን ዝም ብላችሁ ተሳፈሩበት።

ሻንጣ ላይ እናቶች አይሰሙም፣ እናንተ ግን ስሙኝ። ቅቤና ቋንጣ አትያዙ። የሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው፤ ይወረሳል። ሽሮ፣ በርበሬና በሶ በደንብ ያዙ። የሃንጋሪ ፓፕሪካ መልኩ በርበሬያችን ነው፣ ብዙው ግን ጣፋጭ ነው፤ ወጥ አይሆንም። ምስርና ባቄላ በየሱቁ አለ። በጾም ወቅት "ቬጋን" የሚል ጽሑፍ ያለበትን ማየት ይበቃል። ዶርም ውስጥ ቡና ከመቁላታችሁ በፊት የጭስ ደወሉ የት እንዳለ እዩ።

ወፍራም ብርድ ልብስም አያስፈልግም። ቤቱ ማሞቂያ አለው። እናቴ የመንዝ ባና ሰጥታኝ ነበር፤ ለሙቀት አላስፈለገኝም። አልጋዬ ላይ ሳየው ግን ደስ ይለኛል። ከብርድ ልብስ ይልቅ ውኃ የማያስገባ ጫማ ነው የሚያስፈልገው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለእኔ ትልቅ ነበር። ገናችን የሚውለው በፈተና ሰሞን ነው። ነገር ግን አስተማሪዎቹ ብዙ የፈተና ቀን ያወጣሉ፣ እኛ ኔፕቱን ላይ እንመርጣለን። ቀኖቹ እንደወጡ ገብታችሁ ታኅሣሥ 29ን ባዶ አድርጉት። እኛ ዶሮ ሠርተን፣ ያገኘነውን ሐበሻ ሁሉ ጠርተን አብረን ዋልን። ከዚያ በኋላ የቀረው የብርድ ወቅት ቀለለኝ።

አሁን ያለሁበት ይህ ነው። ገበያ ላይ እግባባለሁ፤ ሐኪም ቤትና ቢሮ ላይ ግን አሁንም ሰው ይዤ ነው የምሄደው። በሁለተኛው ዓመቴ ይህን መቀየር እፈልጋለሁ። ደብረ ብርሃን እስከ ነሐሴ አጋማሽ አለሁ። ቪዛ የደረሳችሁ ፓስፖርታችሁንና የቅበላ ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የስማችሁን አጻጻፍ አንድ በአንድ አብረን እናያለን።