ከእንሰት ቅጠል ዲኤንኤ ማውጣት፦ ፒሲአሩ እምቢ ሲል ጥፋቱ የት ነው?

ከጤፍ ወይም ከስንዴ ዲኤንኤ ማውጣት የለመደ ሰው በዚያው አሠራር እንሰትን ሲሞክር ቡኒ ፈሳሽና እንደ ቡላ ገንፎ የሚያሟልጭ ዝቃጭ ያገኛል። ቡኒው ፖሊፌኖል ነው፣ የሚያሟልጨው ደግሞ ስታርችና ሌሎች ፖሊሳካራይዶች (ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች)። ሁለቱም ከዲኤንኤው ጋር አብረው ይወርዱና በኋላ የፒሲአሩን (የተመረጠን የዲኤንኤ ክፍል የማባዣ ዘዴ) ኢንዛይም ሥራ ያስፈቱታል። ስለዚህ እንሰት ላይ የምጨነቀው ለዲኤንኤው ብዛት ሳይሆን ለጥራቱ ነው።

ጥራቱ የሚጀምረው ከማሳው ነው። የምቆርጠው ገና ያልተዘረጋውን፣ መሃል ላይ ተጠቅልሎ የቆመውን ለጋ ቅጠል ነው። የመሃል አጥንቱን ትቼ ስሱን ክፍል ብቻ እወስዳለሁ። ላቦራቶሪው ሩቅ ከሆነ ቅጠሉን ቆራርጬ ከክብደቱ 10 እጥፍ በሚሆን ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ፍሬ) ውስጥ እከተዋለሁ። በ24 ሰዓት ውስጥ በጣት ሲነኩት የማይሰባበር ከሆነ ሲሊካው አንሷል፤ ቀስ እያለ የደረቀ ቅጠል ይጠቁራል፣ ዲኤንኤውም ይቆራረጣል።

ቡፈሩ (ዲኤንኤው የሚወጣበት ፈሳሽ) የተለመደው ሲታብ፣ ማለትም የሴሉን ሽፋን የሚያፈርስ ሳሙና መሰል ኬሚካል ያለበት ነው፦ 2% ሲታብ፣ 1.4 ሞላር ጨው፣ 100 ሚሊሞላር ትሪስ (ፒኤች 8)፣ 20 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ። ለእንሰት 2% ፒቪፒ እጨምራለሁ፤ ፖሊፌኖሉን ይዞ የሚያስቀረው እሱ ነው። ቤታ መርካፕቶኢታኖል 1% የምጨምረው ልጠቀም ስል ብቻ ነው፣ ቀድሞ ተጨምሮ የከረመ ኃይሉ ይደክማል። ሽታው ከባድ፣ ጭሱም መርዛማ ስለሆነ ይህም የክሎሮፎርሙም ሥራ ሁድ (ጭስ የሚስብ የላቦራቶሪ ሳጥን) ውስጥ ነው።

20 ሚሊግራም ደረቅ ቅጠል (ወይም 100 ሚሊግራም እርጥብ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን) ዱቄት እስኪሆን ይፈጫል። እርጥቡ ቅጠል ቡፈር ሳይነካው ከቀለጠ ያኔውኑ ይጠቁራል። ስለዚህ ቡፈሩ ቀድሞ 65 ዲግሪ ሞቆ መጠበቅ አለበት። 700 ማይክሮሊትር ጨምሬ በ65 ዲግሪ 45 ደቂቃ አቆየዋለሁ፣ በየ10 ደቂቃው ቲዩቡን እየገለበጥኩ። ከዚያ እኩል መጠን ክሎሮፎርምና አይሶአሚል አልኮል (24 ለ 1) ጨምሬ 10 ደቂቃ እያገላበጥኩ ከቀላቀልኩ በኋላ በ12,000 ጂ 10 ደቂቃ ሴንትሪፊዩጅ አደርገዋለሁ። ቲዩቡን እዚህ በረዶ ላይ ማስቀመጥ አይገባም። ሲታብ ከ15 ዲግሪ በታች ይረጋል፣ ነጭ ፍርፋሪ ሆኖም ዲኤንኤውን ይዞ ይወርዳል። ብዙ ሰው በረዶን ሁልጊዜ መልካም አድርጎ ያያል፤ እዚህ ግን ጠላት ነው።

የላይኛውን ፈሳሽ ስቀዳ መሃል ላይ ያለውን ነጭ ንብርብር አልነካም፤ 100 ማይክሮሊትር ያህል ትቼ መነሣት ይሻለኛል። የክሎሮፎርሙን እጥበት እደግመዋለሁ። ቀጥሎ 0.7 እጥፍ አይሶፕሮፓኖል ጨምሬ በክፍሉ ሙቀት 10 ደቂቃ ብቻ አቆየዋለሁ። ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ዝቃጩን ያበዛዋል፣ የሚበዛው ግን ፖሊሳካራይዱም ጭምር ነው።

የእንሰት ልዩ እርምጃ ከዚህ በኋላ ነው። ዝቃጩን በ320 ማይክሮሊትር ቲኢ (የትሪስና የኢዲቲኤ ቡፈር) አሟሟለሁ፣ አርኤንኤን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም፣ 2 ማይክሮሊትር አርኤንኤዝ (10 ሚሊግራም በሚሊሊትር) ጨምሬ 37 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ። ከዚያ 80 ማይክሮሊትር 5 ሞላር ጨው እጨምራለሁ፤ የጨው መጠኑ 1 ሞላር ይሆናል። በላዩ 800 ማይክሮሊትር ቀዝቃዛ ኢታኖል። ጨው በበዛበት ኢታኖል ውስጥ ፖሊሳካራይዱ ሟሙቶ ሲቀር ዲኤንኤው ይወርዳል። በ70% ኢታኖል ሁለቴ አጥቤ፣ አድርቄ፣ በ50 ማይክሮሊትር ቲኢ አስቀምጠዋለሁ። ዝቃጩ ከልክ በላይ ከደረቀ ለመሟሟት ያስቸግራል፤ የኢታኖሉ ሽታ ከጠፋ ይበቃል።

ናኖድሮፕ (ዲኤንኤን በሚመጠው ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ላይ ሁሉም የሚያየው 260/280ን፣ ማለትም በ260 እና በ280 ናኖሜትር የተመጠውን ብርሃን ንጽጽር ነው፤ 1.8 ሲል ደስ ይለዋል። እንሰት የሚጋለጠው ግን በ260/230 ነው፦ ወደ 2 የሚጠጋ መልካም ነው፣ ከ1 በታች ከሆነ ፖሊሳካራይድ ወይም ፖሊፌኖል አለ። 1% አጋሮዝ ጄል ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ የሚያበራ ነገር ካለም ዲኤንኤው ከፖሊሳካራይድ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው።

ለፒሲአሩ መነሻ የማደርገው አርቢሲኤል የተባለውን የክሎሮፕላስት ጂን ነው፤ 600 ቤዝ ገደማ የሆነ ባንድ (ጄል ላይ የሚታይ መስመር) ይሰጣል። በ20 ማይክሮሊትር ውስጥ 10 ማይክሮሊትር ባለ ሁለት እጥፍ ማስተር ሚክስ (ኢንዛይሙን የያዘ ዝግጁ ቅልቅል)፣ የሚባዛውን ክፍል ከሚለዩት አጫጭር ዲኤንኤዎች፣ ከሁለቱ ፕራይመሮች (10 ማይክሮሞላር) 0.4፣ 0.4፣ ዲኤንኤ 1፣ የቀረው ውሃ። 95 ዲግሪ 3 ደቂቃ፤ 35 ዙር በ95 ዲግሪ 30 ሰከንድ፣ በ55 ዲግሪ 30 ሰከንድ፣ በ72 ዲግሪ 1 ደቂቃ፤ መጨረሻ 72 ዲግሪ 5 ደቂቃ። የክሎሮፕላስት ጂን በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው ባንዱ ሲጠፋ መጀመሪያ የምጠረጥረው የዲኤንኤ ማነስን አይደለም። ዲኤንኤ መጨመር የባሰውን ያመጣል። በተቃራኒው 10 ጊዜና 50 ጊዜ አቅጥኜ እሞክራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ባንዱ የሚመጣው በቀጠነው ነው። ካልመጣ ከውሃው ቀንሼ አጋጆችን የሚይዝ ፕሮቲን፣ 0.4 ማይክሮሊትር ቢኤስኤ (20 ሚሊግራም በሚሊሊትር) አስገባለሁ። ቁርጡን የሚነግረው ደግሞ ይህ ነው፦ በደንብ የሚሠራ የጤፍ ዲኤንኤ ያለበት ቲዩብ ላይ 1 ማይክሮሊትር የእንሰቱን መጨመር። የጤፉ ባንድ ከጠፋ አጋጁ እንሰቱ ውስጥ ነው። ውሃ ብቻ ያለበት ቲዩብ ባንድ ካወጣ ግን የቅጠል ብናኝ ገብቷል፤ መፍጫውና ፒሲአሩ የሚዘጋጅበት ጠረጴዛ መለያየት አለባቸው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በባክቴሪያ ለሚመጣው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ምርመራ ሲሆን ዋጋው ይከብዳል። ከአንድ አሚቾ ብዙ ችግኝ ይወጣል፤ ባክቴሪያው እያለ ፒሲአሩ ታግዶ ባንድ ባይሰጥ በሽታው በጤነኛ ስም ወደ ብዙ ጓሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከባክቴሪያው ፕራይመር ጎን በሌላ ቲዩብ አርቢሲኤልን ከዚያው ዲኤንኤ አስኬዳለሁ። የተክሉ ባንድ መጥቶ የባክቴሪያው ካልመጣ «አልተገኘም» እላለሁ። ሁለቱም ካልመጡ ውጤቱ «አልተመረመረም» ነው፣ ናሙናውም ወደ ጨዉ እርምጃ ይመለሳል።