ጠፋ ያልኩት እሽግ የት ነበር

ደንበኛዬ የምትኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። ተወልዳ ያደገችው ግን እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ሁለት በርጩማ አየችና ጻፈችልኝ። «እህቴ፣ ለገና ይድረሱልኝ። ቡና ሳፈላ የምቀመጠው የሀገሬ ዱካ ላይ ይሁን» አለችኝ። ብሩንም በማግስቱ በሐዋላ ላከች።

እኔ ከጅማ ሆኜ በርጩማና ሰፌድ በኦንላይን እሸጣለሁ። ሱቅ የለኝም። ዕቃው የሚቀመጠው እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ነው። የጅማን በርጩማ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ ግንድ ነው የሚጠረቡት፤ ሚስማር የለ፣ ማጣበቂያ የለ። የእኔ ጠራቢ ዋንዛውን ጥላ ሥር በደንብ ሳያደርቁ አይነኩትም። ስለዚህ ሁለቱ በርጩማዎች እጄ የገቡት ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው።

መጀመሪያ በኩሪየር ልልክ አስቤ ነበር። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። በርጩማ ቀላል ነው ግን ቦታ ይይዛል፣ ኩሪየሮቹ ደግሞ የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍሉና ከሚዛኑ ከበለጠ በዚያ ነው የሚያስከፍሉት። 40 በ40 በ40 የሆነ ካርቶን ውስጡ አራት ኪሎ ቢሆን እንኳ 12.8 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ በፖስታ ቤት፣ በተራ የአየር እሽግ እንዲሄድ ወሰንኩ። ውሳኔው ራሱ ስህተት አልነበረም። የተሳሳትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ካርቶኑን ሳሽግ እናቴ ከጓዳ አንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ይዛ ወጣች። «ከጅማ ባዶ ዱካ ይላካል እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ነውር ነው። ቡናውን በበርጩማው እግሮች መሀል ሸጉጣ አስገባችው፤ እኔም ላዩን በፕላስተር አሸግኩት። ካርቶኑ በአውቶቡስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ጋ ደረሰ። ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ እሱ ነው።

ከመስኮቱ ፊት ቆሞ ደወለልኝ።

«ስሚ፣ ቅጹ ላይ ስጦታ ወይስ ሽያጭ ይላል። የቱን ላድርግ?»

«ስጦታ በል፣ ቀረጥ እንዳይበዛባት።»

«ዋጋውስ?»

«ሃያ ዶላር በል።»

አስቤ አይደለም ያልኩት። ከእኔ በፊት የጀመሩ ሻጮች ሁሉ «ስጦታ በይ፣ ዋጋውን ዝቅ አድርጊ» ነበር የሚሉኝ። ምክሩ የተነገረኝ በቅንነት ነው፤ ግን ጊዜው ያለፈበት ነበር። ድሮ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ22 ዩሮ በታች የሆነ ዕቃ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ይገባ ነበር። ያ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን የተሸጠ ዕቃ ትንሽም ቢሆን ታክስ አለበት። ስጦታ የሚባለው ደግሞ ግለሰብ ለግለሰብ በነፃ የላከው ነው እንጂ ደንበኛ የከፈለችበት በርጩማ አይደለም። እና ቡናው! ጀርመን ውስጥ ቡና የራሱ ግብር አለው፣ ለተቆላው በኪሎ 2.19 ዩሮ። የቡና ሀገር ልጅ ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር። ቅጹ ላይም ቡና የሚል ቃል የለም።

ጥቅምት 20 እሽጉ ተላከ። የአክስቴ ልጅ የመከታተያ ቁጥሩን በፎቶ ላከልኝ። በሁለት ፊደል ይጀምራል፣ ዘጠኝ አኃዝ ይከተላል፣ አገራችንን በሚያመለክቱ ሁለት የላቲን ፊደላት ያልቃል። የቁጥሩን አጻጻፍ ሁሉም አገር ይጋራዋል፣ ያንን ቁጥር የላከው አገርም የሚቀበለው አገርም ያነበዋል። ይህን ነገር አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጠዋት ጠዋት ስልኬን ከፍቼ የኛን አገር ፖስታ ድረ ገጽ አያለሁ። ከአዲስ አበባ ወጥቷል ይላል። በማግስቱም ያው። ኅዳር ገባ፣ ያው። ደንበኛዬ «የት ደረሰ?» ትለኛለች፤ እኔ «መንገድ ላይ ነው» እላታለሁ። ሦስቴ እንዲሁ አልኳት። ከዚያ ወዲያ የምላት ጠፋኝ። ስሟ ስልኬ ላይ ብቅ ሲል ሆዴ ይገለበጥ ጀመር። መልእክቷን ከከፈትኩት ማንበቤን ታያለች ብዬ ሳልከፍተው ማደር ጀመርኩ። ሌላ ደንበኛ «ዕቃ አለ?» ሲለኝ በደቂቃ እመልሳለሁ፣ እሷን ግን እሸሻታለሁ። ገንዘቧን የያዝኩባት እሷን።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «እህቴ፣ ገንዘቡ አይደለም። ለምን እንደማትመልሺልኝ ግን ንገሪኝ።»

ይህን መልእክት እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም። ያን ቀን ሐሙስ ነበር፣ ኸርማታ ገበያ መሀል ሰፌድ እያማረጥኩ ነው ያነበብኩት። ሰፌዱን አስቀምጬ አንዱ ጥግ ሄጄ ደወልኩላት። ሁሉንም ነገርኳት። ከአዲስ አበባ ከወጣ በኋላ ምንም እንደማላውቅ፣ ጠፍቷል ብዬ እንደማምን፣ አፍሬ ዝም እንዳልኩ፣ ቡናውንም፣ ሃያ ዶላሩንም። አልተቆጣችም። «ቁጥሩን ላኪልኝ» ብቻ አለችኝ።

አስር ደቂቃ አልፈጀባትም። ቁጥሩን የጀርመን ፖስታ ድረ ገጽ ላይ አስገብታ የሚያሳየውን በፎቶ ላከችልኝና እየተረጎመች አነበበችልኝ። እሽጉ ጀርመን የገባው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። ጉምሩክ ይዞታል። ለተቀባይ ደብዳቤ ተልኳል፣ የግዢ ደረሰኝና የክፍያ ማስረጃ ይዛ እንድትመጣ። ማንም አልመጣም። ታኅሣሥ ሲጠባ ወደ ላኪው መልሰውታል።

«ጉምሩኩ እኮ» አለችኝ፣ «ከቤቴ በትራም ሃያ ደቂቃ ነው።»

ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን።

እሽጉ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ወር ሙሉ እሷ ያለችበት ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቁጥሩን በተላከበት ቀን ብሰጣት ኖሮ ራሷ ሄዳ፣ ግብሩን ከፍላ፣ ገና ሳይደርስ ታነሳው ነበር። ቁጥሩን የያዝኩባት ለምንድነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም፤ ዕቃው የኔ ኃላፊነት ነው፣ እሷን ምን አስጨነቃት ብዬ ነበር መሰለኝ።

ደብዳቤውስ ለምን አልደረሳትም? ይኼኛው አሁንም ያሳዝነኛል። ካርቶኑ ላይ የጻፍነው የራሷንና የአባቷን ስም ነው፣ እኛ አገር እንደሚጻፈው። ጀርመን አገር ግን በአንድ ሕንፃ ላይ ሃያ ቤተሰብ ቢኖር አብዛኛውን ጊዜ የየራሳቸው የቤት ቁጥር የላቸውም፤ ፖስተኛው የሚያየው የፖስታ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን የቤተሰብ ስም ነው። የእሷ ሳጥን ላይ ያለው የባሏ ስም ነበር። ፖስተኛው እኛ የጻፍነውን ስም ከየትም አላገኘውም፣ ደብዳቤውን መለሰው።

በማግስቱ የአክስቴን ልጅ ፖስታ ቤት ላክሁት። እዚያ ነው ሌላውን ያወቅነው። እሽግ የት ደረሰ ብሎ በይፋ የማስፈለግ ጥያቄ የሚጀመረው ከላኪው በኩል ነው፣ የጊዜ ገደቡም ከተላከበት ማግስት ጀምሮ ስድስት ወር ነው። ላኪ ማለት ደግሞ ቅጹ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። እኔ እዚያ ቅጽ ላይ የለሁም! ስሙም ፊርማውም የሱ ነው። ደረሰኙን ሲፈልግ ዋለ፤ ያንን ቀን ለብሶት የነበረው ጃኬት ኪስ ውስጥ ተጨማዶ አገኘው። የካርቦን ኮፒ ስለሆነ ግማሹ ደብዝዟል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ቁጥሩን አነበበችና ከታች ያለ አንድ ሳጥን በጣቷ አሳየችው። «እሽጉ ለተቀባይ መድረስ ካልቻለ ምን ይደረግ» የሚል ቦታ አለ። ይመለስልኝ ማለት ይቻላል፣ ትቼዋለሁ ማለትም ይቻላል። «ይመለስ የሚለው ላይ ነው ምልክቱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን በሉ» አለችው። ያንን ሳጥን እሱ ሳያነበው ነው ምልክት ያደረገበት። ሌላኛው ላይ አድርጎት ቢሆን ኖሮ በርጩማዎቹ እዚያው ይቀሩ ነበር። በርካሹ መንገድ ይመለስ የሚለውን ስለመረጠ ግን ብዙ ወር መጠበቅ ነበረብን።

ጠራቢው ጋ ተመልሼ ሌላ ሁለት በርጩማ አሠራሁ። ነገሩን ስነግራቸው «ልጄ፣ ይህኛውን በሰው እጅ ላኪው» አሉኝ። የካቲት ላይ ወደዚያው የምትሄድ የጎረቤት ልጅ በሻንጣዋ ይዛላት ሄደች። ደንበኛዬ ግማሹን ልክፈል ብላኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ከሦስት ወር ትርፌ የሚበልጥ ከኪሴ ወጣ። ካሳ እንዳልጠይቅ እሽጉ አልጠፋም፤ ቢጠፋስ ሃያ ዶላር ብዬ የሞላሁት እኔው ነኝ፣ የትኛውን ወረቀት ይዤ ከዚያ በላይ ነበር እላለሁ?

ግንቦት ላይ ካርቶኑ ተመለሰ። የመመለሻውን ከፍለን አወጣነው። በረንዳው ላይ እናቴና እኔ ሆነን ከፈትነው። የኔ ፕላስተር ላይ ሌላ ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ ከጎኑ የጉምሩክ ወረቀት አለ። ቡናው ተከፍቶ እንደገና በንጽህና ታሽጓል። እናቴ ከረጢቱን አፍንጫዋ ጋ ወስዳ አሸተተችው፣ ምንም ሳትል ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። አንደኛው በርጩማ ከጠርዙ እስከ መሀሉ ተሰንጥቋል። እሱን አልሸጥኩትም፣ ዕቃ ሳሽግ የምቀመጠው እሱ ላይ ነው።

አሁን ቁጥሩ እንደደረሰኝ ወዲያው ለደንበኛው እልካለሁ፣ በሁለቱም አገር ድረ ገጽ እይው ብዬ። ቅጹ ላይ ሽያጭ ነው የምለው፣ ዋጋውም የተከፈለኝ ዋጋ ነው፣ ደረሰኙ ካርቶኑ ላይ ይለጠፋል። የአክስቴ ልጅ የላኪ ቦታ ላይ የኔን ስም ይጽፋል፣ የሱን ስልክ ይጨምራል፣ ቅጹን እዚያው መስኮቱ ፊት ፎቶ ያነሳዋል። አራት ሳምንት ካለፈና ካልደረሰ ጥያቄ አስገባለሁ፣ ስድስተኛውን ወር አልጠብቅም። ለአሜሪካ ደንበኞቼ ደግሞ ከ800 ዶላር በታች ያለቀረጥ ይገባ የነበረው ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ እንደቆመ ገንዘብ ሳልቀበል በፊት እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ይቀርብኛል፤ ይቅር። ቡና ግን ካርቶን ውስጥ አይገባም። በዚህ ከእናቴ ጋር እስካሁን አልተስማማንም።

መልስ የሌለኝ ቀንም እጽፋለሁ። «ዛሬም አዲስ ነገር የለም፣ ሐሙስ ደግሜ አያለሁ» ብዬ። ሐሙስ ደግሞ አያለሁ።

ባለፈው ሰሞን ያቺው የፍራንክፈርቷ ደንበኛዬ ሰፌድ አዘዘች። ስም በትክክል ላኪልኝ ልላት ስጽፍ እሷ ቀደመችኝ፣ የፖስታ ሳጥኗን ፎቶ ላከችልኝ። ከባሏ ስም ሥር ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች። በእጅ ጽሑፍ የራሷና የአባቷ ስም ተጽፎባታል።