በሽቦ የመጣ ሐዘን

ባለፈው እሑድ ፈረንጅ አራዳ በነበረው ለቅሶ ላይ ከሟቹ ልጆች በላይ ያለቀስኩት እኔ መሆኔ በሰፈራችን እስካሁን ይወራል፤ እውነቱን የምናውቀው ግን እኔና የጥርሴ ሽቦ ብቻ ነን።

የነገሩ ሥር የላይኛው ግራ ክራንቻዬ ነው። ክራንቻ በ11 ወይም በ12 ዓመት ገደማ፣ ጎረቤቶቹ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ስለሚበቅል፣ የእኔው መግቢያ ቢያጣ ከረድፉ በላይ ቆጥ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። እርሱን ለማውረድ 2 ዓመት ያህል እንደሚፈጅ፣ በየወሩ እየተመላለስኩ ሽቦውን ማስጠበቅ እንዳለብኝና ቆሎ እርም እንደሆነብኝ ተነግሮኝ በ31 ዓመቴ ታሰርኩ። ባለፈው ቀጠሮ ግን ሽቦውን ከክራንቻዬ ጋር የምታስረው ቀጭን ማሰሪያ ጫፏ በወጉ ሳይታጠፍ ቀርቶ ከንፈሬን ትወጋኝ ጀመር፤ ብናገር «ይለመዳል» ተባልኩ። በእኛ አገር «ይለመዳል» ከማደንዘዣ የረከሰ መድኃኒት ነው። ጫፏን እንድሸፍንበት የተሰጠኝን ሰምም በዚያ ቀን ቤት ረስቼው ወጣሁ።

ሟቹ የጎረቤታችን የእትዬ ታላቅ ወንድም ሲሆኑ፣ እኔ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ አጋሮ መናኸሪያ ሰላም ብያቸዋለሁ። ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» ለማለት አፌን ስከፍት እትዬ አንገቴን አቅፈው ሳቡኝ፤ ቀና ልል ብል አልቻልኩም። የተቋጨው የነጠላቸው ጫፍ ከማሰሪያዋ ጋር ተጠላልፏል። ሳብ ባደረግሁ ቁጥር ከንፈሬ አብሮ እየተሳበ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «እትዬ፣ ነጠላዎ!» ለማለት ብሞክር የወጣልኝ «እእእ… ላዎ!» የሚል ድምፅ ነበር፤ ይህም እንደ ሙሾ ተቆጠረልኝ። እትዬ «ወይኔ ልጄ፣ አንተም እንደኔ ተቃጠልክ!» ብለው ይበልጥ አጠበቁኝ። ጋብ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደ አዲስ ፈነዳ፤ ቡና የምትቀዳው ልጅ ጀበናውን አስቀምጣ ደረቷን ደቃች፤ ካርታ የያዙት ሰዎች ካርታቸውን ጣሉ። ሊያላቅቁን የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ኋላ ቢጎትቱኝ በሕመም ጮህኩ፤ እነርሱም «ተዉት፣ ይውጣለት» ተባብለው ተመለሱ። ሁሉም ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ እኔ ግን ክራንቻዬ የ2 ዓመቱን መንገድ በአንድ ጊዜ ሊጨርሰው የተነሣ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ክሩ ተበጠሰ። ከጥርሴ የተንጠለጠለውን ቁራጭ ለመሸሸግ አፌን በእጄ ይዤ ስወጣ፣ «አንጀቱ አልችል አለ» ሲባል ሰማሁ። ከድንኳኑ ደጃፍ የሟቹ አማች ተከትሎኝ መጣና ጆሮዬ ድረስ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ስንት አበድረሃቸው ነበር?» አለኝ።

ማሰሪያዋ በማግስቱ ታጠፈች፤ የ«ይለመዳል»ዋ ባለሙያ ይቅርታ አልጠየቀችኝም። እትዬ ግን «የወንድሜ ወዳጅ» ብለው ሰይመውኛል። ትናንት ከገበያ ሲመለሱ በር ላይ አግኝተውኝ ሙሉ እፍኝ ቆሎ ዘገኑልኝ፤ እስክበላ ቆመው ስለጠበቁኝ አንዲቱን ፍሬ እንደ ከረሜላ እየመጠጥኩ የቀረውን ኪሴ ከተትኩ።